የገለፈቱ ሰልፍ

ግንቦት 14
ሙቀት። ወፍጮ ቤታችን የሚገባው ዝንብ ብቻ። ሩዝ የሚያስፈለፍል ሰው ከጠፋ ሳምንት ሆነው። እማ በር ላይ ቁጭ እንዳለች እንቅልፍ ሸለብ አድርጓት ነበር። ጋሽ ባየህ ከመንገዱ ማዶ፣ ከራሱ መፈልፈያ በር ላይ ሆኖ፣ "ጸሐይነሽ፣ ማሽኑ ሥራ ፈትቶ ከሚቀመጥ ዶሮ አሳቅፊበት እንጂ" አላት። ባለባጃጆቹ ሁሉ ሳቁ። እማም ሳቀች... ግን ፊቷን አየሁት።
ቆይ ጋሽ ባየህ። ቆይ ብቻ።

ግንቦት 15
ዛሬ የሳቅሁትን ያህል ዓመቱን ሙሉ አልሳቅሁም። እማ አንበሳሜ ለቅሶ ሄዳለች። ባለባጃጁን ታደለንና ጓደኞቹን ለመንኳቸው። ከጓሮ ከተቆለለው የሩዝ ገለፈት ሃያ ሁለት ማዳበሪያ ሞላን፤ አፉን ሰፍተን፣ ገበሬ ያመጣው ሩዝ አስመስለን በባጃጅና በአህያ አስፋልቱን እያዞርን በራችን ላይ አሰለፍነው። ገለፈት ምን ይከብዳል? ታደለ ግን ኩንታል እንደተሸከመ ሰው እያቃሰተ ያወርዳል። ማሽኑን ባዶውን አስነሣሁት። ጋሽ ባየህ ወጣ... ገባ... ወጣ። አንገቱ ሊቀጭ።
ሁለት ሰዎች መጥተው ጥላው ሥር ቆሙ። አንዱ ደብተር ይዟል። የባሕር ዳር ሩዝ ነጋዴ መሰሉኝ።
"ሥራ እንዴት ነው?"
"ዛሬማ ቀዝቀዝ ብሏል" አልኩ። "ቅዳሜ ብትመጡ መቆሚያም አታገኙ።"
"ክረምትስ?"
"ክረምትማ ሌሊትም አናርፍ።"
ጻፉ። ክረምት ላይ ፎገራ ውሃ ውሃ ሲሆን ማሽናችን እንደሚዝግ ማን ይንገራቸው? ታደለ ሳቁን ልዋጥ ሲል ትን አለው።

ግንቦት 16
እማ ተመለሰች። ምንም አልነገርኳትም። ጋሽ ባየህ ሰላም ሲላት ከመቀመጫው ተነሣ። ሳቄ እንዳይሰማ ጓሮ ገባሁ።

ሰኔ 21
ከግብር ቢሮ ወረቀት መጣ። እማ ፊደል አልቆጠረችም፤ የማነብላት እኔ ነኝ። በልቤ አነበብኩ። ደግሜ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። የቀን ገቢ ግምት፦ አራት ሺህ ሁለት መቶ ብር። አምና ሰባት መቶ ነበር።
"እየቀለድሽብኝ ነው" አለች።
"አይደለም እማ።"
"ሰገን፣ ዛሬ አትቀልጂ። በደንብ አንብቢው።"
ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው አራት ሺህ ማንበብ ያቅተዋል? ወረቀቱን ነጥቃኝ ወጣችና መንገደኛ አስነበበች። ያው ነው። መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ ሰው መሐል። "በሳምንትም አግኝቼው አላውቅ..." ለማን እንደምትናገር እንጃ።
ወረቀቱ ከታች ሌላም ይላል። ግንቦት 15 ቀን በአካል ተገኝተን ባየነው መሠረት...
ሁለቱ ሰዎች። ደብተሩ። ቅዳሜ ብትመጡ...
እኔ ነኝ። ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ሰኔ 22
እማ ንግድ ፈቃዱን እመልሳለሁ አለች። ማሽኑን ባየህ ከፈለገ ይግዛው አለች። አባቴ ከሞተ ወዲህ ያኖረን ማሽን።

ሰኔ 24
የአክስቴ ልጅ ፍሬህይወት ከደብረ ታቦር መጣች። የሒሳብ ሠራተኛ ናት።
"ያስጻፍሽው ነገር አለ? ደረሰኝስ?" አለቻት እማን።
"ሁሉም ጭንቅላቴ ውስጥ አለ።"
ፍሬህይወት ራሷን ያዘች። "አክስቴ፣ ግብር ትዝ የሚልሽ ሐምሌ ሲገባ ነው። ማሰብ የነበረብሽ መስከረም ላይ ነው። በየቀኑ የገባው የወጣው ቢጻፍ የክረምቱ ባዶ ወራት ይታዩልሽ ነበር። ካልተጻፈ ያዩትን አንድ ቀን ዓመት ያደርጉታል።" ቀጥላም፣ "ለመሆኑ የዚያን ቀን ምን አይተው ነው?"
ነገርኳቸው። ገለፈቱን፣ ታደለን፣ የቀባጠርኩትን... ሁሉን። እማ አልመታችኝም። አልተቆጣችም። ተነሥታ ወጣች። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።
ፍሬህይወት ቤቱን ስትበረብር ከአልጋው ሥር የሦስት ዓመት የመብራት ቢል አገኘች። እማ ለምን እንዳስቀመጠችው ራሷም አታውቅ። "ማሽኑ የበላው መብራት በየወሩ እዚህ አለ" አለች። "ይኼ እንኳ አይዋሽም።" እኔን እያየች።

ሐምሌ 3
ቅሬታ አስገብተን ዛሬ የግብር ቢሮው ቅሬታ ሰሚዎች ፊት ቀረብን። ተናዘዝኩ።
ሰብሳቢዋ መነጽሯን አወለቀች። "አንቺ አይደለሽም እንዴ አምና ቀበሌው በር ላይ 'ነገ ስኳር በነፃ ይታደላል' ብለሽ የለጠፍሽው?"
እኔ ነኝ። ሰው እስከ አስፋልቱ ተሰልፎ ነበር።
"ዛሬ ደግሞ ገለፈት ነው ስትይ ማን ይመንሽ?"
ምስክር ሊሆነኝ ቃል የገባው ታደለ ስልኩን ዘግቷል። ቢሉን አገላብጠው "ይህ ብቻውን የዚያን ቀን አያስረዳም" አሉ። እማ ወለሉን ታያለች። እውነት ተናግሬ ማንም አያምነኝም... እንዲህም አለ ለካ?
በሩ ተከፈተ። ጋሽ ባየህ። ማሽኑን ሊዋዋል መጣ ብዬ ክው አልኩ።
"ገለፈት ነው" አለ። "ልጅቱ ዞር ስትል ተሻግሬ አንዱን ማዳበሪያ ቀድጄ አይቻለሁ። ቀንቼ ነው።"
"እስከዛሬ ለምን ዝም አሉ?"
"የተሾፈብኝ እኔ ነኝ። ያወቅሁ እንዳይመስል እናቷን እንኳ ተነሥቼ ሰላም ብያለሁ። ይወራል እንዴ ይኼ?"
ሁሉም ሳቁ። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም። ውጭ ስንወጣ "ጋሽ ባየህ፣ እግዜር ይስጥልኝ" አልኩት።
"ላንቺ ብዬ መሰለሽ? የእኔ ወረቀት ገና አልመጣም። እናትሽ አራት ሺህ ከተባለች እኔን ባለትልቁን ማሽን ስንት ሊሉኝ ነው? ቀድሜ ነው የመጣሁት።"

ሐምሌ 12
ከቢሉ ጋር አመሳክረው ወሰኑ። ዘጠኝ መቶ ሃምሳ። ከአምናው ይበልጣል። መክፈያው አልሞላ ብሎ አንዷ ጊደራችን ተሸጠች... በእኔ። ማሽኑ ግን የእኛው ነው። እማ እስካሁን በቅጡ አታናግረኝም። "ጨው አቀብዪኝ" ብቻ።

መስከረም 4
ፍሬህይወት መዝገብ ላከች። ቀን፣ የገባ፣ የወጣ። "ያዢው" አለችኝ እማ፤ ከዚያ ውጭ ቃል የለም። ውሃው ከሜዳው ገና አልሸሸም። ማታ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። መስከረም 2፦ ምንም። መስከረም 3፦ ምንም። ዛሬ፦ ሁለት ኩንታል፤ ለማሽኑ ቀበቶ ማሠሪያ የወጣ ሰማንያ ብር። ምንም ብሎ መጻፍ ይህን ያህል ይከብዳል?
ፍሬህይወት በየገጹ የማሽኑ ባለቤት ትፈርም ብላለች። እማ ሰው ጠርታ ታስመረምረዋለች ብዬ ጠበቅሁ። የእስክሪብቶ ቀለም አውራ ጣቷ ላይ ቀብታ ገጹ ላይ ተጫነችው።
"ልክ መሆኑን ለሰው አታሳዪም?" አልኳት።
"አንቺ አይደለሽ እንዴ የጻፍሽው?"