ያላላበው ቧንቧ

ውድ ቆርኪዬ፣

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 9። ፀሐዩ የቆርቆሮ ጣሪያውን ያንጣጣ ነበር። ኃላፊው ቢሮ ውስጥ የነበርነው አራት ነን፤ እሱ፣ መካኒኩ፣ አንቺና እኔ። ቀኑን የምጽፍልሽ አንቺ ረስተሽዋል ብዬ አይደለም። እኔም እንዳልረሳሁት እንድታውቂ ነው።

ደንበኞች ጋዙ የወጣ ለስላሳ እየመለሱ አስቸገሩ። ቆርኪ ማሸጊያው ላይ የምትሠሪው አንቺ ነሽ፤ ቆርኪ ሥር ከብርጭቆ እስከ ብስክሌት የሚያሸልም ዕጣ የገባውም በዚያው ሰሞን ነው። ጠርሙሱን ከፍታ ዕጣውን እያየች መልሳ ታሽጋለች ተባለ። መካኒኩ ማቀዝቀዣው ደህና ነው፣ ማሽን ዕጣ አያምረውም ብሎ ሳቀ። ከጎንሽ የምሠራው እኔ ነኝና ኃላፊው ወደ እኔ ዞረ። ሽርጥሽ ኪስ ውስጥ ቆርኪ አይቻለሁ ብዬ ጽፌ ፈረምኩ።

ውሸት አልነበረም። ግን የተጣመመውን ብቻ እየለቀምሽ ለአባትሽ ዳማ መጫወቻ እንደምትወስጂ አውቅ ነበር። ያንን አልጻፍኩም። ጠርጥሬሽ ነበር፤ አዲስ ጫማ አድርገሽ ነበር።

"እትዬ፣ የአባዬን ዳማ ንገሪያቸው እንጂ" አልሽኝ። ጫማሽን እያየሁ ወረቀቱን ለኃላፊው ሰጠሁት። ተባረርሽ።

አንቺ ከሄድሽም በኋላ ግን የሚመለሰው ጠርሙስ አልቆመም።

የሽልማቱን ብርጭቆ የምጠቀልልበትን ጋዜጣ ሳላነብ እንደማላልፍ ታውቂያለሽ፤ "ፕሮፌሰር" እያልሽ ትስቂብኝ የለ። ባለፈው ሳምንት አንድ ቁራጭ እጄ ገባ። ከምድር ሆድ የሚመነጭ ውሃ ጋዙን ይዞ የሚቆየው እዚያ ታች ስለሚጫነው ነው ይላል፤ ላይ ሲደርስ ጫናው ይቀልለውና ይፍለቀለቃል። ደግሞ ውሃ ሲቀዘቅዝ ብዙ ጋዝ ይይዛል፣ ሲሞቅ ይለቀዋል። ለስላሳ የሚሞሉ ሰዎችም ይህን ስለሚያውቁ ይልና ተቀዷል።

የቀረውን ራሴ ጨረስኩት። ከማቀዝቀዣው ወደ መሙያው የሚሄደው ቧንቧ ሁልጊዜ ያልበው ነበር፤ በሙቀት ቀን እጅሽን እያስነካሽ ፊትሽን የምታብሺበት። ሄጄ ነካሁት። ደረቅ ነው፤ ለብ ብሏል። ለብ ያለ ውሃ ደግሞ ቆርኪው ሳይደርስለት ጋዙን ይተፋል።

"ምን ትዳብሻለሽ?" አለኝ መካኒኩ ከኋላዬ።

"ማላቡን ከተወ ስንት ጊዜው ነው?"

ቧንቧም እንደ ሰው ሲያመው ነው የሚያልበው ብሎ ቀለደ። ዓይኔን ግን አላየም። ከዚያ ወዲህ እሱንም፣ ኃላፊውንም ጠረጠርኩ። ከሁሉ በላይ እያወቀች የፈረመችውን ሴትዮ።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ገባሁ። ኃላፊውን ጠርቼ እጁን ቧንቧው ላይ አስቀመጥኩ። መዳፉን እያየ፣ "ታዲያ ኪሷ ውስጥ ቆርኪ አላየሽም?" አለ።

"አይቻለሁ። ወረቀቴን አምጣልኝ፤ ያጎደልኩትን ልጻፍ።"

አመጣው። ከፊርማዬ ሥር የአባትሽን ዳማ ጻፍኩ፤ እንደገና ፈረምኩ። ከዚያ ማሸጊያው ሥር ተንበርክኬ አንድ የተጣመመ ቆርኪ አነሳሁ፤ በሽርጤ ጠርጌ፣ ሁሉም እያዩኝ፣ ኪሴ ከተትኩት። ፖስታው ውስጥ አለልሽ። ለአባትሽ ስጪልኝ።

እትዬ