ሙላቴ ጨው በዛበት

ደብረ ታቦር
ጥር 16 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለደሳለች፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኔ ከናፍቆትሽና ከብርዱ በቀር ደኅና ነኝ። የጉና ተራራ ዘንድሮ ብርዱን ሳይሰስት ነው የሚልክልን። አባትሽ ጋሽ እሸቴ ለጥምቀት ወርደው እኛ ቤት ሰንብተው ትናንት ተመለሱ፤ ገብሱም ድንቹም ደኅና ነው ብለውሻል። ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርሽ እችል ነበር። ግን ድምፅሽን ስሰማ ቁጣዬ ይጠፋብኛል፣ ዛሬ ደግሞ እንዲጠፋብኝ አልፈለግሁም። ስለዚህ ወደ ሊዝበን የሚመጣውን ባልደረባሽን ይህን ደብዳቤ አስይዤዋለሁ።

የምጽፍልሽ ስለ ሙላቴ ነው።

ባለፈው ወር መስመሩ እየተቆራረጠ ያልሽኝን አስታውሺ። «ይርዳው፣ ሰሞኑን እንቅልፍ የለኝም። ሙላቴ አስቸግሮኛል። ጨው በዛበትና አኮረፈ፣ የሰጠሁትን አልበላም አለኝ» አልሽና ስልኩ ተቋረጠ። ሚስቴ ሊዝበን ድረስ የሄደችው ለትምህርት ነው፤ ታዲያ ጨው በዛ ብሎ የሚያኮርፍባት ሙላቴ ማን ነው? ጨው በዛ ብሎ ማኩረፍ እኮ የባል ሥራ ነው። እኔ ራሴ ስንቴ አኩርፌብሻለሁ።

የአማርኛ አስተማሪ መሆኔ ደግሞ ባሰብኝ። እኛ የወደድነውን ዕቃ በሴት ነው የምናቆላምጠው፤ ይቺ ራዲዮ፣ ያቺ ጋቢ እንላለን። አንቺ «አኮረፈ» ካልሽ ወንድ ነው ብዬ ደመደምኩ። አባትሽ ስሙን ከአፌ ሲሰሙ ምንም ሳይጠረጥሩ፣ «ሙላቴ? የኛው አገር ስም ነው። የማን ልጅ ይሆን? ከፋርጣ ነው ከእስቴ?» አሉኝ። ምን ልበላቸው? «እኔም እሱን ነው የማጣራው» አልኳቸው።

በመጨረሻ አንቺ በሌለሽበት እዚህ ያለውን ላቦራቶሪሽን ወደያዘችው ወደ ሃና ሄድኩና ፊት ለፊት ጠየቅኋት። ስቃ ስቃ ወንበር ፈለገች። ከዚያ አንቺ የላክሽላትን ፎቶ ከስልኳ አውጥታ አሳየችኝ። የመስታወት ጋን ነው። ውስጡ አንቡላ የመሰለ ቡናማ ውሃ አለ፣ ሆዱ ላይ በእጅሽ ጽሕፈት «ሙላቴ» ተብሎ ተጽፎበታል። ስትሞዪውና ስትገለብጪው ስለምትውዪ ነው እንዲህ ያልሽው አሉ።

ሃና ሁሉንም አስረዳችኝ። ውስጡ ያሉት ተሕዋስያን እንደ ጠላ ጥንስስ ዘራቸው የተደባለቀ ነው። እንደኛም ፍስክና ጾም አላቸው፤ ታጠግቢያቸውና ታስጾሚያቸዋለሽ። ለጾሙ ብለው በሰውነታቸው የሚያጠራቅሙት ስብ መሰል ነገር ነው ተወስዶ ፕላስቲክ የሚሆነው፣ ያውም አፈር ሲገባ የሚበሰብስ ፕላስቲክ። የሚበሉት ከአይብ ፋብሪካ የሚወጣ አጓት ነው፣ አጓቱ ግን ጨዋማ ነው፤ ጨዉ ሲበዛባቸው ማጠራቀሙን ይተዉታል። ለምን እዚህ ሥራ ውስጥ እንደገባሽማ አልረሳሁም። የአባትሽ ላም ፌስታል በልታ የሞተች ጊዜ፣ ከሆዷ የወጣውን አይተሽ እህል አልቀመስሽም ነበር።

ይህን ሁሉ ሰምቼ ቅናቴ የቀረ መስሎሻል? ብሶብኛል። ቀናሁ፣ ምን እደብቅሻለሁ? ሰው ቢሆን አንድ ነገር ነው፣ ዘሩን ቆጥሬ ሽማግሌ እልክበት ነበር። ከጋን ጋር ምን ብዬ ልጣላ? እሱ በላ አልበላ ብለሽ ከመኝታሽ ትነሻለሽ፤ እኔን «በልተሃል ወይ?» ብለሽ ከጠየቅሽኝ ግን ቆየሽ። የእሱን ጨው በጠብታ ትለኪያለሽ። እኔ እዚህ ጨው ያልነካው ሽሮ ሠርቼ፣ የጎደለው ምን እንደሆነ የማውቀው በልቼ ስጨርስ ነው።

አሁን ሰሞኑን ደውለሽ ወደ ጠየቅሽኝ ልምጣ። «አንድ ዓመት ልጨምር? ጨዉን ባንዴ ብጨምርበት ተበላሸብኝ፤ ቀስ በቀስ ማስለመድ አለብኝ። አንተ እምቢ ካልክ ግን እመጣለሁ» አልሽኝ። ቀጥለሽም ሳቅ ብለሽ፣ «አንተም እኮ ቀስ እያልክ ትለምደዋለህ» አልሽ።

ይቺ ቃል አላስቀመጠችኝም። ተመልሼ ሃናን «እውነት ይለምዱታል?» አልኳት። በዚህ ጊዜ አልሳቀችም። «ጋሼ ይርዳው፣ ለመዱት እንላለን እንጂ ሁሉም አይለምዱትም። ጨዉን ያልቻሉት ያልቃሉ። የቻሉት ይበዙና ቦታውን ይይዙታል። ከውጭ ለሚያየው ግን ያው ሙላቴ ነው» አለችኝ።

ስለዚህ መልሴ ይኸው። ቆዪ። እምቢ ብዬ ባስመጣሽ ልብሽ እዚያ ጋን ሥር ይቀራል፣ እኔም ከእሱ የተረፈችውን ደሳለች አልፈልግም። ሥራሽን ጨርሺ። ግን ይለምደዋል አትበዪኝ። ከሥራ ሲወጣ፣ ከባሕር ዳሩ ሚኒባስ ትወርጂ ይሆናል ብሎ በመናኸሪያው በኩል ዞሮ የሚመጣው ይርዳው አሁን ድረስ አለ። ለከርሞ ዋስ አልሆንለትም። ስትመለሺ በስሙ ብትጠሪው አቤት የሚልሽ ሰው ቤት ውስጥ ታገኛለሽ፣ መልኩም ድምፁም ያው ነው። ማን እንደሆነ ግን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ሙያሽ ነውና።

ሽሮና በርበሬ ልኬልሻለሁ። ጨው አላስገባሁበትም፣ አንቺ ዘንድ ሞልቷል።

የደብረ ታቦሩ ኢየሱስ ከብርድና ከክፉ ዓይን ይጠብቅሽ። የጀመርሽውን ያስፈጽምሽ። መንገድሽን ወደ ቤትሽ ያድርገው።

ለጊዜው ያው የሆንኩት ባልሽ፣
ይርዳው