ማተሚያው የማያውቀው ፊደል

ማርች 3

ብርኖ ከተማ ዛሬም ዝናብ ነው። የአሳታሚ ድርጅታችን ቢሮ ይበርዳል። ቀኑን ሙሉ የአባዬን መጽሐፍ ስተይብ ዋልኩ... ስለ ድልድይ ንዝረት የጻፈውን። የድሮው መንግሥት ከዩኒቨርሲቲ አባሮ ማሞቂያ ቦይለር ክፍል ውስጥ የከሰል አካፋ ባስያዘው ጊዜ፣ እዚያው ከምድጃው ጎን ሆኖ የጻፈው ነው። አሁን ማሳተም የሚከለክለው የለም። ሳንባው ግን አልቋል። ይደርስለት ይሆን?

ማተሚያው ደግሞ አስቸገረኝ። የፊደሉን ቅርጽ ከኮምፒውተሩ እየላክሁለት ቀመር የበዛበት ገጽ ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል።

አለቃዬ ሽቴፓን፣ "ምን አስጨነቀሽ? ከውስጡ አብሮት የተሠራ ፊደል አለው። በሱ አትሚው" አለኝ።

ማርች 4

እውነቱን ነው። ገጹ ወዲያው ወዲያው ይወጣል። ግን የኛ የቼክ ፊደል የለውም... አባዬ ኦልድርዢህ ነው ስሙ፤ የታተመው ኦልድ፣ ባዶ ቦታ፣ ኢህ። አናቷ ላይ ትንሽ ምልክት እንደ ቆብ የደፋችውን "ርዥ" ማተሚያው አያውቃትም።

"ያለ ቆቧ ተያት። ማን ያየዋል?" አለ ሽቴፓን።

አባዬ ያየዋላ።

ማርች 9

ተገኘ! ቆቧ ለብቻዋ ማተሚያው ውስጥ አለች። መጀመሪያ ፊደሏን፣ ከዚያ ትንሽ ወደ ኋላ መልሼ ቆቧን... ስንት ወረቀት አበላሸሁ። አንዴ ወደ ጎን ተንሸራተተች፣ አንዴ አየር ላይ ቀረች። አሁን ተቀምጣለች።

ማርች 11

ሆስፒታል። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ወሰድኩለት። ሾርባውን አልነካም። ስሙን በጣቱ ዳሰሰ።

"ይቺን ማን ሠራት?"

"እኔ ነኝ አባዬ።"

"ትንሽ ጠመም ብላለች።"

"አንተ ደግሞ፣ ታመህም እንከን ፍለጋ..."

ሳቀ። ሳሉ አቋረጠው። ከዚያ አንዱ ቀመር ላይ የቀረች የመቀነስ ምልክት አሳየኝ። "በዚህ የተሠራ ድልድይ ወንዝ ውስጥ ነው የሚገኘው፣ ቭላስታ።"

ስወጣ ለምን አላቀፍኩትም?

ማርች 16

የመጨረሻውን ምዕራፍ እያተምኩ ሽቴፓን ስልክ አናግሮ ገባ። እጁን ሰድዶ ማተሚያውን አጠፋው። ገባኝ።

ማርች 24

ወደ ሥራ ተመለስኩ። ሽቴፓን ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

"ቭላስታ... ከስሙ ጎን መስቀሏን ማድረግ አለብን።"

ለሞተ ደራሲ የምትደረገዋን ትንሿን መስቀል ማለቱ ነው። እሷንም እንደ ቆቧ ልገጣጥማት ተዘጋጀሁ። የማተሚያውን የፊደል ሰንጠረዥ ብገልጥ... አለች። አብራው የተሠራች። ልፋት አልጠየቀችኝም። ቁጥሯን ጻፍኩ፤ በመጀመሪያው ወረቀት ወጣች፣ ቀጥ ብላ።