የስብሰባ ጭብጨባ

ጥቅምት 11፣ ሐሙስ፣ ጠዋት 3 ሰዓት

መብራት የለም። ኪቦርዱን ወለወልኩ። ገመዶቹን ጠቀለልኩ፣ ፈታሁ፣ መልሼ ጠቀለልኩ። በረንዳውን ጠረግሁ፤ የጎረቤቴን የፎቶ ቤቱን ድርሻ ጭምር። እጄ ሥራ ሲፈታ ሐሳቤ ይከፋብኛል፣ ታውቀኛለህ።

ማስታወሻዬ፣ የትናንቱን ልንገርህ። አዲሱን የከበሮ ፕሮግራም ጫንኩ። አሮጌው ቨርዥን በየመሃሉ እየደረቀ አማርሮኝ ነበር፤ ይኼኛውን ከአ.አ. የመጣ ጓደኛ በፍላሽ ሰጠኝ። ከበሮ የሌለው፣ ከበሮ መቺም የማይቀጥር የእኔ ዓይነት ስቱዲዮ ያለዚህ ፕሮግራም ምንም ነው። ድምፁ ጥርት ብሏል። ኪኩ፣ ወፍራሙ የከበሮ ምት፣ ደረት ይመታል። እንደ ልጅ ደስ አለኝ።

ከዚያ የነስሩን ዘፈኖች አንድ በአንድ ከፈትኩ። ሁሉም አለ፤ ፕሮግራሙ የሚያወጣው ከበሮና ጭብጨባ፣ ኪቦርዱ። ግን አይነሳም። የጎደለውን ፈልጌ አጣሁት።

ነስሩ የሠርግ ዘፋኝ ነው፣ የመስቃን ልጅ። ሲዲው ከአረፋ በፊት መውጣት አለበት። የአ.አ. ሰው ለአረፋ አገር ቤት ሲጎርፍ በሚኒባሱ፣ በሱቁ በር፣ በሠርጉ ድንኳን መሰማት አለበት። ካለፈ አለፈ። ለታላቅ ወንድሙ ቃል ገብቷል፦ በዚህ አረፋ ዘፈኑ ካልተሰማ መርካቶ ገብቶ ጨርቅ ይሸጣል። ወንድምየው ቦታ ይዞለት ይጠብቃል።

ነገ ሊሰማ ይመጣል። ምነው ባይመጣ።

ጥቅምት 12፣ ዓርብ፣ 10 ሰዓት

ከጁምዓ በኋላ መጣ። አሰላሙ አለይኩም፣ ሳቅ፣ ወሬ። አሰማሁት።

ይህን ሰው አውቀዋለሁ። አንድ ዘፈን ሲጥመው አይናገርም። ወንበሩን ወደ ግድግዳ ይገፋል፣ ጫማውን ያወልቃል፣ እግሩ ይጀምራል። ክፍሌ ጠባብ ናት፤ ወንበሩ ካልተገፋ እግር የሚዘረጋበት ቦታ የላትም። እስከዛሬ በሠራናቸው ዘፈኖች ሁሉ ወንበሩ ተገፍቷል። የግድግዳው ቀለም እዚያ ጋ ተልጧል።

ዛሬ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እስከ መጨረሻው ተቀምጦ ሰማ። ማሻአላህ፣ ጥሩ ነው አለ።

ጥሩ ነው! ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሊወጣ ሲል፣ በሩ ላይ፣ ለስለስ አድርጎ፣ ሰሞኑን ደክሞኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። አልደከመኝም አልኩ። እሱ ሄደ፣ እኔ ዘፈኑን መልሼ ከፈትኩት።

ጥቅምት 13፣ ቅዳሜ፣ 8 ሰዓት

ከጠዋት ጀምሮ ስፈትሽ። አዲሱ ቨርዥን ለአንድ ኪክ ብዙ ድምፅ ይዟል፤ በመታ ቁጥር እያፈራረቀ ያወጣል፣ ሰው እንዲመስል መሆኑ ነው። አጠፋሁት። ለውጥ የለም። ማስተጋቢያውን ቀነስኩ። የለም። ጭብጨባውን ከፍ አደረግሁ። ባሰበት!

አስቴር ከመምህራን ስብሰባ ስትመለስ በዚህ በኩል አለፈች። ባለቤቴ ሙዚቃ አይገባኝም ትላለች፤ ግን ከእኔ የተሻለ ትሰማለች፣ ይህን በፊቷ አልልም። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ቆማ ሰማች። ከዚያ ሳቋ አመለጣት። የስብሰባ ጭብጨባ ነው አለች። ሰብሳቢው ንግግሩን ሲጨርስ ሁሉም እኩል ያጨበጭባል፣ እኩል ያቆማል፣ ማንም ደስ አላለውም። አሁን ከዚያው ነው የመጣሁት፣ አልተሳሳትኩም አለች።

አኮረፍኩ። ከዚያ ሳቅሁ። ከዚያ ፈራሁ፣ ምክንያቱም እውነቷን ነው። ቢሆንም አንድ ነገር ያዝኩ፦ ጥፋቱ ከከበሮው አይደለም። ከጭብጨባው ነው።

ጥቅምት 15፣ ሰኞ፣ ረፋድ

ወልቂጤ ደወልኩ፣ ለዳኒ። አሮጌውን ቨርዥን መጀመሪያ የሰጠኝ እሱ ነው፤ በአንድ መዘምራን ውስጥ ኪቦርድ ስንማር ጀምሮ ጓደኛዬ ነው። እሱም አዲሱን ከጫነ ወራት አልፎታል። ምንም ለውጥ አላየሁም አለ። እንዴት ያያል፣ የሚሠራው የመዘምራን ዝማሬ ነው፣ ዝግ ያለ። የአሮጌውን ፕሮግራም ሲዲ ፈልግልኝ አልኩት። ቤት ስቀይር የት እንደገባ እንጃ አለ። ጉብሬ ላለ ዘመዱ ሳያውሰው አልቀረም፣ ይጠይቅልኛል።

ከዚያ በጨዋታ መልክ አንድ ነገር ጣል አደረገ፦ በአዲሱ ሴቭ ያደረግኸውን አሮጌው አይከፍተውም፣ ታውቃለህ አይደል?

አላውቅም ነበር።

ሁሉንም ከፍቼ ሴቭ ያደረግሁት እኔው ነኝ። በደስታ። በዚያው ስም። በላዩ ላይ። ደስታ የያዘው ሰው ኮምፒውተር መንካት የለበትም።  ቡታጅራ ከፀሐይዋ ጋር ጨለመችብኝ። አሮጌው ቢገኝ እንኳ ከዜሮ መጀመር ነው፤ አረፋ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም።

ጥቅምት 17፣ ረቡዕ፣ ምሽት 1 ሰዓት

ኢንተርኔት ቤት ዋልኩ። ገጹ ግማሽ ድረስ ይከፈትና ይቆማል። ባለቤቱ ነገ ብትመጣ አለኝ። ነገ! በመጨረሻ ተከፈተ፤ በአዲሱ ቨርዥን ምን እንደተለወጠ ሠሪዎቹ የጻፉት ነው። በወረቀት አስወጥቼ ቤት ይዤ መጣሁ። አስቴር መዝገበ ቃላቷን ይዛ ጎኔ ተቀመጠች፣ እንደ ተማሪዋ።

ብዙው አይመለከተንም። ቀለም ተለውጧል፣ አዝራር ተዛውሯል። ከመሃል አንድ መስመር ላይ እጇ ቆመ። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በቀድሞው ቨርዥን የጭብጨባ ድምፆች ከተጻፉበት ቦታ ትንሽ ዘግይተው ይወጡ ነበር። ጉድለቱ ታርሟል።

ወረቀቱን ተቀብዬ እኔም ደግሜ አነበብኩት።

ገባህ ማስታወሻዬ? እዚህ አገር ሰው ስለ እኔ የሚለውን ታውቃለህ። የተስፋዬ እጅ ይለያል። የተስፋዬ ምት ቁጭ አያስብልም። እኔም አምኜ ደረቴን ነፍቼ ስሄድ ኖሬያለሁ። የኔ እጅ አልነበረም ለካ። የፕሮግራሙ ጉድለት ነበር። ባሕር ማዶ ያለ አንድ የማላውቀው ሰው ሲያርመው እጄን አብሮ ወሰደው።

አስቴር አይዞህ ብላ ጀርባዬን ዳሰሰች። ተናደድኩባት፣ ያለ ጥፋቷ። አሁን አፍሬያለሁ።

ጥቅምት 19፣ ዓርብ

ለነስሩ ነገርኩት። ሁሉንም፤ ቨርዥኑን፣ መዘግየቱን፣ ሴቭ ማድረጌን።  አልተቆጣም። ትንሽ ሳቀ እንጂ። ቃል በቃል የጻፍኩት ይኼን ብቻ ነው፦ "ተስፍሽ፣ ወላሂ እኔ የኮምፒውተሩን አላውቅም። እኔ የማውቀው እግሬ አልነሳም ማለቱን ነው።"

ወንድሙ ትናንት ደውሎለታል። መምጫህ መቼ ነው ብሎ። ነስሩ የአረፋ ማግስት ብሎ መለሰለት። ይህን ሲነግረኝ መሬት መሬት ያያል። ሌላ ስቱዲዮ ሂድ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ቢሄድስ? ባይሄድስ? በዚህ ወር ውስጥ ካልጨረስን ማባዣ ቤት አይደርስም።

ጥቅምት 20፣ ቅዳሜ

ጭብጨባውን በሙሉ እኩል ወደ ኋላ ገፋሁት። ቀላል ነበር። አሮጌው ተመለሰ! ቁርጥ እሱ። ዘልዬ ልነሳ ነበር።

ግን ማስታወሻዬ፣ ጆሮዬ ተበላሽቷል። አንዴ ካወቅሁ በኋላ አልጥም አለኝ። ሁሉም በእኩል ዘግይቶ ይወርዳል። ስብሰባው ያው ነው፣ ሰብሳቢው ትንሽ አርፍዶ መጣ እንጂ። ዓመታት ሙሉ ይኼን ነበር እንዴ ስሸጥ የኖርኩት? ወይስ ከጭንቀት ብዛት እያበድኩ ነው? ነስሩ ጋ ለመደወል ስልኩን አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ። አነሳሁ። አስቀመጥኩ።

ጥቅምት 21፣ እሑድ፣ ወደ ማታ

ቸርች ቀረሁ። የአስቴር የሥራ ባልደረባ እህቷን ዳረች፣ ከቡታጅራ ወደ ቆሼ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ካለ መንደር። አልሄድም ብዬ ነበር፤ አስቴር ሸሚዜን አውጥታ አልጋው ላይ ዘረጋችው፣ በቃ።

ማጉያ የለ፣ ኪቦርድ የለ። እጅ ብቻ። አልጨፈርኩም፣ ጥግ ይዤ የሰውን እጅ አየሁ። አንዱ ሽማግሌ ሆዴን ያመመኝ መስሎት ውሃ አስመጣልኝ።

ያየሁትን ሳይጠፋኝ ልጻፍ። አጨብጫቢው ከበሮ አይጠብቅም። ሌላውን አጨብጫቢም አይጠብቅም። መሃል የገባውን ሰው እግር ነው የሚያየው። እግሩ እስኪያርፍ እጁን አየር ላይ ይይዛል፤ ሲያርፍ ይለቀዋል። ፈጣን ልጅ ሲገባ ጭብጨባው ይሰበሰባል። ወፍራሙ አጎት ሲገባ፣ እሱ ቆይቶ ነው የሚያርፍ፣ ሁሉም ቆይቶለት ያጨበጭባል። እየሳቁ። መዘግየቱ አንድ ልክ የለውም። የእግሩ ባለቤት ነው ልኩ።

ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ሳጨበጭብ አድጌያለሁ። አንድ ቀን አስቤው አላውቅም። አሮጌው ቨርዥን ሲመጣ ከሌሎቹ ፕሮግራሞች መርጬ ያስቀረሁት ለምን ነበር? ዳኒ ሌሎችም ሰጥቶኝ ነበር እኮ። ሁሉንም ሰምቼ ይኼ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ጉድለቱ የነሱ ነው፤ የወደደው ጆሮ ግን የኔ ነው። ይህን ስጽፍ ትንሽ ተነፈስኩ። ትንሽ።

በኔ ፕሮግራም ውስጥ የሚጎድለው መሃል የሚገባ ሰው ነው። እግር የለውም።

ጥቅምት 22፣ ሰኞ

ሳቅብኝ። በሩን ቆለፍኩ። ምንጣፉን አነሳሁ። ከአናጢው ጣውላ ለምኜ ወለሉ ላይ ዘረጋሁ፣ ማይኩን ዝቅ አድርጌ ተከልኩ። ጫማዬን አወለቅሁ። የነስሩን ዘፈን ለቅቄ ብቻዬን ጨፈርኩ።

እግሬ የጨፋሪ እግር አይደለም። መዘምራን ውስጥ ያደገ እግር ነው፣ ቀጥ ብሎ መቆም የለመደ። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ትንፋሼ ተቆረጠ። ፎቶ ቤቱ ግድግዳውን ደበደበ፤ ፎቶ ሲነሱ የነበሩ ሙሽሮች ሳይስቁበት አልቀሩም። አስቴር በራሷ ቁልፍ ከፍታ ገባች። በካልሲ፣ በላብ ተነክሬ፣ ጣውላ ላይ።  ሄዳ መጋረጃውን ዘጋችልኝ።

ከዚያ ሥራው። እያንዳንዱን ጭብጨባ ከእግሬ ድምፅ ጎን አምጥቼ ማስቀመጥ፣ አንድ በአንድ፣ በእጅ። ዓይኔ ደም ለበሰ። መብራት ሁለቴ ሄዶ መጣ። አሁን በየመስመሩ ሴቭ አደርጋለሁ፣ በሌላ ስም። ተምሬያለሁ።

ጥቅምት 24፣ ረቡዕ፣ 6 ሰዓት

ዳኒ ደወለ። ሲዲው ተገኘ! ጉብሬ ያለው ዘመዱ ሶፋ ሥር። ነገ በሹፌር ልላክልህ? አለ።

ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁት። ሄሎ፣ ሄሎ ይላል።

በአሮጌው ብሠራ የማውቀው ምት ነው። ሕዝቡ የወደደው፣ ነስሩን ያስነሳው። ቀንና ማታ ብሠራ ምናልባት ይደርስ ይሆናል። በዚህኛው ግን ማን ያውቃል? አንድ የማይጨፍር ሰው ባንድ ጣውላ ላይ የረገጠው ነው። የነስሩን ዕድል በእኔ እግር መወሰን ድፍረት ነው፣ ጥጋብ ነው። 

ተወው ዳኒ፣ እዚያው ይቀመጥ አልኩት። ምን ነካህ አለ። ዘጋሁት።

ከዚያ ወዲህ ተቀምጬ አላውቅም። ክፍሉ ውስጥ እዞራለሁ። መልሼ ልደውልለት? የለም። ቁርጥ አድርጌያለሁ። ነስሩ ነገ ይመጣል።

ጥቅምት 25፣ ሐሙስ፣ 9 ሰዓት

መጥቷል። ከኋላዬ ተቀምጦ እየሰማ ነው። ፊቱን ላለማየት ጀርባዬን ሰጥቼው አንተ ላይ እጽፋለሁ፤ ሒሳብ የምሠራ መስሎታል።

መግቢያው አለፈ። ድምፁ ገባ። ዝም። አሁን ጭብጨባው ይመጣል። ያቺ ቆየት ብላ የምታርፈው፣ ሁለቴ የደገምኳት። መጣች። ዝም።

ማሻአላህ ካለ አበቃልኝ። መርካቶ፣ ጨርቅ፣ ወንድምየው። ስልኩን አውጥቼ ለዳኒ ልደውል? ጊዜው አልፏል፣ ሹፌሩም ሄዷል። አምላኬ፣ ጥሩ ነው ብቻ እንዳይል። ሁለተኛው አዝማች ገባ።  ትንፋሹ እንኳ አይሰማኝም።

የሆነ ነገር ወለሉ ላይ ተጎተተ።

ዘወር ብዬ አየሁ፤ ወንበሩ ነው። ወደ ግድግዳው እየገፋ ነው፤ ቀለሙ ወደተላጠበት። አሁን ደግሞ ጫማውን እያ—