ከእማዬ ስም የጎደሉት ሦስቱ ፊደላት

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ ለስዮካው፣

እቴቴ፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ወገብሽን ይይዝሽ የነበረው ሕመም ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትዪ ያስቸግርሻል? ባለቤትሽ ጋሽ ኤካልስ ደህና ናቸው? ዘንድሮም ሁለት ክፍል አንድ ላይ አድርገው ነው የሚያስተምሩት? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ሎድዋር ዝናብ እንደራቃት ከሰማሁ ወዲህ ሐሳቤ እናንተ ጋ ነው። እኔ አለሁ፤ አልታመምኩም፣ ሥራዬም አልተቋረጠም። ናይሮቢ በዚህ ወር እንዴት እንደምትበርድ መቼም አትረሺውም። ሁለት ሹራብ ደርቤ፣ ብርድ ልብስ እግሬ ላይ ጥዬ ነው የምጽፍልሽ።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። ስልክሽን ብደውል አታነሺውም፤ የላክኩልሽንም መልእክት እንዳልከፈትሽው አያለሁ። አልቀየምኩሽም፤ እኔም በአንቺ ቦታ ብሆን አላነሣም ነበር። ስለዚህ አውቶቡስ ላይ ረዳት ለሆነው ለጋሽ ኤካል የአክስት ልጅ ለሎኪዶር ሰጥቼዋለሁ። በእጅሽ ካላስረከበ እንዳይመለስ አስምዬዋለሁ።

ነገሩ የጨርቁ ነገር ነው። እማዬ በተቀበረች በማግስቱ አንቺ የተዋስነውን ድስት ለጎረቤት ልትመልሺ ስትወጪ፣ እኔ ወንበር ላይ ቆሜ ከበሩ ትይዩ የተሰቀለውን «እንግዳ፣ እንኳን ደህና መጣህ» የሚለውን ጥልፏን አወረድኩና ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩት። አልጠየቅኩሽም። ብጠይቅሽ እምቢ እንደምትዪ ስለማውቅ ነው ያልጠየቅኩሽ። ለአንቺ የቀረልሽ ከአጎታችን ከሙቲንዳ ወንበር በላይ የሰቀለችው «እዚህ ማጨስ ክልክል ነው» የሚለው ሆነ። ስትመለሺ ባዶውን ምስማር አየሽና፣ «ለእኔ የአጎቴን ጭስ ተውሽልኝ? ይሁን፣ ውሰጂው። እስቲ በዚያች በአንድ ክፍልሽ የትኛው እንግዳ እንደሚመጣልሽ እናያለን» አልሽኝ።

እቴቴ፣ ያልሽው ደረሰ። ጨርቁን ከአልጋዬ ትይዩ ሰቅዬዋለሁ። ዓመት ሊሞላው ነው፣ ከእኔ በቀር በዚህ በር የገባ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው። ቆሞ ጨርቁን አነበበና «እንግዲህ ከተባልኩ ገባሁ» ብሎ ሳቀ። ሻይ ልጣድልህ ብዬ ለመንኩት። ገና አራት ፎቅ ይቀረኛል ብሎ ወጣ። ውሃውን ግን ለሁለት ሰው ለክቼ ጥጄው ስለነበር ለብቻዬ ሁለቴ ቀድቼ ጠጣሁ።

ለፋሲካ ወደ አገራችን ወደ ኪቱዪ ስታልፊ አውቶቡስ ተራ አጠገብ አልጋ ተከራይተሽ ማደርሽን ሎኪዶር አፉ አምልጦት ነገረኝ። የእኔ ቤት ከዚያ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። ይህን የምጽፈው ልወቅስሽ አይደለም። አንቺ እዚያ ባደርሽበት ቀን በቆሎ ፈትጌ የሙቶኮይ ንፍሮ ሠርቼ ነበር፤ ሳላውቅ ለአንቺም ጭምር ነው መሰለኝ የሠራሁት፤ ሦስት ቀን በላሁት።

አሁን ወደ ሥራዬ ልምጣ፤ የምለምንሽ ነገር ከእሱ ጋር የተያያዘ ነው። እማዬ ሰው ሲጠይቃት «ልጄ ናይሮቢ ፊደል ትሠራለች» ትል ነበር፤ ሰዉም የተማርኩ ይመስለው ነበር። ውሸትም አይደለም። ለመዘምራን ካባ ቅጠል የሚመስል ፊደል፣ ለተማሪ ሹራብ ወፍራም ፊደል፣ ለተመራቂ ትከሻ የሚጠመዘዝ ፊደል ኮምፒውተር ላይ እስላለሁ፤ ከዚያ መርፌው የት ገብቶ የት እንደሚወጣ ለጥልፍ ማሽኑ አንድ በአንድ እነግረዋለሁ። መሣሉ ቀላሉ ነው፤ ልፋቱ ሙከራው ላይ ነው። ስክሪን ላይ ያማረ ፊደል ፎጣ ላይ ሰምጦ ይጠፋል፣ ሹራብ ላይ ይለጠጣል፣ ስስ ጨርቅ ላይ ጨርቁን ሰብስቦ ያጨማድደዋል። ሁሉንም ካልሞከርኩ የጥልፍ ቤቱ ባለቤት ማማ ጋቶኒ ለደንበኛ አያሳዩትም።

የእማዬ የዘንቢል ማኅበር ሴቶች ለሙት ዓመቷ ስሟ የተጠለፈበት ሻሽ እንሠር ብለው ላኩብኝ፤ ሃያ ሁለት ናቸው። እኔ እሠራዋለሁ አልኩ። የእኔ ፊደል እንዲሆን ግን አልፈለግኩም፤ በራሷ ፊደል እንዲሆን ፈለግኩ። ጨርቁን ፎቶ አንሥቼ ፊደሎቿን አንድ በአንድ ቀዳሁ። ትዝ ይልሻል አይደል፣ ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳትረግጥ ከዱቄት ጆንያ ላይ እያየች በእርሳስ የነደፈቻቸውን? አጥንታም፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ እግራቸው አጠር ያለ።

ጠልፌ ሳወጣቸው ግን ተንጋደዱ። ማማ ጋቶኒ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩና «ንዳኑ፣ ይሄ ፊደል ቁርሱን ምን ጠጥቶ ነው?» አሉኝ። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ኦኩሙ ሳቀና «ተዉት ማማ፣ ወደ ቤቱ እየሄደ ነው» አለ። መርፌ ቀየርኩ፣ ክር አላላሁ፣ ከጨርቁ ሥር የሚነጠፈውን ወረቀት ደረብኩ። አሥራ አንድ ጊዜ ሞከርኩ። ለማቃናት ብዬ ሥዕሎቹን ሳስተካክል ደግሞ ቀጥ አሉ፣ ነገር ግን የእሷ መሆናቸው ቀረ፤ የመንግሥት ቢሮ በር ላይ የሚለጠፍ ጽሑፍ መሰሉ።

አንድ እሑድ ጨርቁን ከምስማሩ አውርጄ ገለበጥኩት። እቴቴ፣ ስንት ዓመት ስናየው ኖርን፣ ጀርባውን ግን አይተን አናውቅም። የእያንዳንዱ ፊደል ቋጠሮ ከታች ነው። ከእግሩ ጀምራ ወደ ላይ ነው የጠለፈችው፤ አንዱንም ከላይ አልጀመረችም። ፊደል ከላይ ይጀመራል ብሎ ያስተማራት ሰው የለም፤ እጇ የሚያውቀው ዘንቢል ነው፣ ዘንቢል ደግሞ ከቂጡ ነው የሚጀመረው። እኔ የእሷው ልጅ፣ ጭኗ ላይ የቃጫ ክር ስታከርር እያየሁ ያደግኩት፣ ማሽኑን ከላይ ወደ ታች ስነዳው ከረምኩ።

ሰኞ ጠዋት ቅደም ተከተሉን ገለበጥኩት። መርፌው ከሥር ጀመረ፣ ጨርቁንም ወደ ላይ እየገፋ ወጣ፤ ፊደሎቹም ትከሻቸውን ነፋ አድርገው ቆሙ። እዚያው ማሽኑ ፊት አለቀስኩ። ኦኩሙ ዘይት የሚወለውልበትን ጨርቅ አቀበለኝና «ፊትሽ ቢጠቁርም ችግር የለም፣ ማን ያይሻል» አለኝ። ቀልዱ እውነት ሆነብኝና ይብስ አለቀስኩ። ይህን የምነግረው ሰው ፈልጌ ስልኬን አወጣሁ፤ ከአንቺ በቀር ነገሩ የሚገባው ሰው የለም። ጠራ፣ ጠራ፣ ተዘጋ።

እንግዲህ የእኔ ጨርቅ ላይ ባለው የስዋሂሊ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት የላቲን ፊደላት አሥር ብቻ ናቸው። ስሟን «ካቩታ» (Kavutha) ብዬ ልጽፍ ስል ቪ የለም፣ ቲ የለም፣ ኤች የለም። እማዬ በሕይወቷ የራሷን ስም አንድም ጨርቅ ላይ አልጠለፈችም፤ ለእንግዳ ጠለፈች፣ ለአጎታችን ጭስ ጠለፈች፣ ለራሷ ግን ምንም። ስለዚህ ሦስቱን ከራሴ ፈጠርኳቸው። ካሉት ፊደላት ክንድ ወስጄ፣ እግር ወስጄ፣ ከታች አስጀምሬ ጠለፍኳቸው፤ ደስም አለኝ። ለኦኩሙ ምንም ሳልነግረው ሻሹን አሳየሁት። እማዬን በፎቶ እንኳ አያውቃትም። ጣቱን በሦስቱ ላይ አንድ በአንድ አሳርፎ «እነዚህ ደግሞ የሌላ ሴት ልጆች ናቸው» አለኝ። ያን ቀን ማታ ክሩን በመቀስ ጫፍ እየለቀምኩ ፈታኋቸው።

የቀሩት ሦስቱ አንቺ ጋ ናቸው። ስንስቅበት በኖርነው፣ ተውሽልኝ ብለሽ በተቆጣሽበት በዚያ ጨርቅ ላይ ሦስቱም አሉ፤ ቃላቱን ወረቀት ላይ ጽፌ ቆጥሬያቸዋለሁ። የተሻለውን እኔ የወሰድኩ መስሎኝ ነበር። የእኔ ብቻውን ስሟን መጻፍ አይችልም፤ ያንቺም ብቻውን አይችልም።

ማማ ጋቶኒ አሁን ፊደሉን ወደውታል፤ ሃያ ስድስቱን ጨርሺውና ለደንበኞች እናውጣው ይሉኛል። ሁለት ባለቤት አለው፣ አንዷን ሳልጠይቅ አይሆንም አልኳቸው። «አንዷ የት ናት?» አሉ። ሎድዋር አልኩ። «ታዲያ ደውዪላታ!» አሉኝ። ክር ልቀይር ብዬ ተነሣሁ።

ፎቶ አንሥቼ ብልክልሽ አይበቃሽም ወይ እንደምትዪ አውቃለሁ። ፊቱንና ጀርባውን አጥርተሽ ካነሣሽው ለሥራው ይበቃኛል፤ አልዋሽሽም። እኔ ግን የምፈልገው እንድትመጪ ነው። ሙት ዓመቱ ኦገስት 17 ቅዳሜ ነው፤ ለወትሮውም በናይሮቢ ነው የምታልፊው። ረቡዕ ግቢና እኔ ጋ እደሪ። ሐሙስ ሦስቱን ፊደላት አብረን ጀርባቸውን እናነባለን፣ አርብ ሻሾቹን ይዘን ወደ ኪቱዪ እንሄዳለን። የእንግዳው ጨርቅ ያንቺ ይሁን፤ በስርቆት እንደወሰድኩት አውቃለሁ፣ ይቅር በዪኝ። የአጎታችንን ለእኔ ተዪልኝ። ማንም በማይመጣበት ቤት ማንም አያጨስምና ይስማማኛል።

ከዚህ ጋር ለአንቺ ትርፍ የጠለፍኩትን አንድ ሻሽ ልኬልሻለሁ። ሃያ ሁለቱንም ጠልፌ ጨርሻለሁ፤ ማሽኑ የሦስቱ ፊደላት ቦታ ላይ ሲደርስ እንዲዘልለው አድርጌ። ክፍት የሆነው ቦታ ስህተት አይደለም፤ በልክ ነው የተውኩት። ካልመጣሽ እንዳለ ይዤው እሄዳለሁ፤ የሌላ ሰው ፊደል አላስገባበትም። ሴቶቹ ምን ሆኖ ነው ካሉኝ ጥፋቱ የእኔ ነው እላቸዋለሁ።

ለጋሽ ኤካል የአክብሮት ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ኤዋር ቁመቱ አባቱን ደረሰ ሲሉ ሰማሁ፤ እንኳን ደስ ያለው በዪልኝ። ናኪሩን ሳሚልኝ፤ የሚሞቅ ሹራብ ሎድዋር ምን ያደርግልኛል እንዳትለኝ ፈርቼ ለእሷ ስስ ሸሚዝ ነው የሠራሁት። አማትሽንም ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ የላኩልኝን ደረቅ ሥጋ ገና አልጨረስኩትም። ትንሿን ካቩታን ደግሞ አቅፈሽ ሳሚልኝ፤ ስሟን የወረሰች እናታችን ናትና በእኔ ፈንታ «እማዬ» በያት። ስሟን መጻፍ ልትጀምር ነው አሉ። አባቷ አስተማሪ ናቸው፣ ከላይ ጀምሪ ይሏታል። ልጅቷ ከታች ከጀመረች ግን እባክሽ አታርሚያት።

በሩን ሁለቴ አንኳኪ፤ የቆጣሪው ሰው አንዴ ነው የሚያንኳኳው።

ታናሽ እህትሽ ንዳኑ
ናይሮቢ፣ እሑድ ጁላይ 14 ቀን 2019