ለእምዬ ዓይን የተሰፋች ከረጢት

ጥቅምት 1፣ ምሳ ሰዓት

ደመወዝ ወጣ። ወዲያው አለቀ እላለሁ ሁልጊዜ። ዘንድሮ ግን አይሆንም። አብራኝ የምታስተምረው ሰናይት ዘዴ ይዛ መጣች። ጊዜ የሌለው ሰው ሒሳብ ሲጽፍ አይውልም አለችኝ፤ ደመወዙን በተቀበለ ዕለት ከፋፍሎ በየከረጢቱ ይከታል፣ በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ማሰብ የለም። ጠዋት ት/ቤት ነኝ፣ ከሰዓት የሆቴል ገንዘብ ያዥ። ለማሰብ የቱ ጊዜዬ? ከአሮጌ ነጠላ ሦስት ከረጢት ሰፋሁ። አንዷ ለቤት ኪራይ። አንዷ ለአፌ። ቀይ ጥለት ያላት ለእምዬ ዓይን። ማስታወሻዬ፣ ቀላል እኮ ነው!

ጥቅምት 9

እምዬ ጋ፣ ኩልመስክ ደወልኩ። እምዬ በግራ ዓይኗ ጨርሶ አታይም። የሐኪሙ ነገር ከጆሮዬ አልወጣም፦ የዓይን ግፊት ነው፣ የጠፋው አይመለስም፣ ቀኙን ለማትረፍ ደሴ ሄዳ ቶሎ ቀዶ ጥገና። ቶሎ። አምና ያጠራቀምኩትም ቀይዋ ውስጥ ገብቷል። አንድ ደመወዝ ቢጨመር ይበቃል። በኅዳር መጨረሻ ይዣት እሄዳለሁ።

ሆቴሉ ባዶ። ግማሽ ደመወዝ ነው የሚሰጡኝ፣ እሱም ከተገኘ።

ጥቅምት 21

ምን ነካኝ? ምን ነካኝ?

የማርያም ማኅበራችን ነበር። የኅዳር ተረኛ ሐዘን ላይ ናት፣ መደገስ አትችልም። የማኅበሩ አለቃ ጽዋውን ማን ይረከባል ብለው ጠየቁ። ዝም። ኅዳር 21 ጽዮን ናት፤ ያልተጠራውም ይመጣል፣ ሁሉም ያውቃል። ደግመው ጠየቁ። ጽዋው መሐል ላይ ቁጭ ብሏል። የሁሉም ዓይን እኔ ላይ መሰለኝ፤ የመንግሥት ደመወዝ አላት እንደሚሉ አውቃለሁ። ተነሥቼ ተቀበልኩ። እልልታው ቀለጠ።

ማርያም አላዘዘችኝም። ይሉኝታ ነው።

ጥቅምት 23

ሰናይት ተቆጣች። መልሺው አለችኝ። የተነሣ ጽዋ ይመለሳል? ከየትኛው ከረጢት ልታወጪ ነው አለችኝ ደግሞ። ሌሎቹ ያጽናኑኛል፦ ጾም ስለሆነ ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፣ ይቀልሻል። ዘይቱስ? ለጠላው ገብሱስ፣ ጌሾውስ?

ኅዳር 5

የአፌ ከረጢት ባዶ። ኪራዩም ተነካ። ሆቴሉ አንድ ወር ጠብቂን አለ።

እምዬ ወሬውን ሰምታ ደወለች። ደስታዋ! «ልጀ የጽዮንን ጽዋ አነሣችልኝ» ብላ ለጎረቤቱ ሁሉ ተናግራለች። ስለ ዓይኗ አንድ ቃል የለም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 14

ቀይዋን ፈታሁ። ለዘይት ብቻ ብዬ። ከዚያ ለገብስ። ከዚያ ለእንጨት። ራሴን ጠላሁት። ዛሬ ክፍል ውስጥ መደመር እያስተማርኩ ድምሩን ሳትኩ፤ ልጆቹ አረሙኝ።

ኅዳር 21፣ እንግዳ ከሄደ በኋላ

መጡ። በሉ፣ ጠጡ፣ መረቁኝ። ምርቃቱ በአንድ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ወጣ።

እምዬ ከትናንት ጀምራ እዚህ ናት። ሰዉን በድምፅ እየለየች ስትስም ዋለች። ጽዋው ሲዞር እሷ ጋ ደረሰ። እጇን ዘረጋች። አጠገቡ ያለውን አየር ጨበጠች። እንደገና ሞከረች፣ አሁንም ሳተችው። ቤቱ ያላየ መሰለ። እጇን ይዤ ጽዋው ላይ አኖርኩላት፤ ሣቅ ብላ ጠጣች። ቀኙም እየሄደ ነው ማለት ነው። ደብቃኝ ኖሯል።

ቀጣዩን ተረካቢ ሲጠይቁ ቀና አላልኩም።

ኅዳር 22

ደሴ መቼ ነው አለችኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ከጥምቀት በኋላ አልኳት። ውሸቴን ለየችው፤ በድምፅ መለየት ለምዳለች።

«እንግዲያ አሸተን ማርያምን አሳይኝ፣ የኔ ዓለም። ይችው ጭላንጭሏ ሳለች» አለችኝ። ወጥቼ ጓሮ አለቀስኩ።

ከት/ቤት ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ነገ ጎህ ሲቀድ ወደ ተራራው፣ ወደ አሸተን እንወጣለን። ዳገቱ ቢከብዳት አዝላታለሁ። ለመንገድ የሚሆን ቆሎ ቆላሁላት። መያዣ ፈልጌ አጣሁ፤ ቀይዋ ከረጢት ውስጥ ጨመርኩት።