ሠላሳ ሴንቲ ሜትር አንጀት የወሰደው «እንደ ቀድሞው»

«ጨጓራ። እንደ ቀድሞው።»

(ትናንት በሕክምና ካርዴ ላይ ከተጻፈው ቃል በቃል የተቀዳ)

ለተከበሩ የሆስፒታሉ ሜዲካል ዳይሬክተር፦

እንደምን ሰነበቱ? ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና በተለይም ለአንጀትዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ እያንዳንዱ እጥፋት ባለበት ይርጋልዎ። እኔ የሃምሳ አራት ዓመት የጂኦሜትሪ መምህር ስሆን፣ የሚከተሉትን ምስጋናዎች በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

1. የመጀመሪያው ሐኪም ሆዴን ሳይነኩ ጨጓራ መሆኑን ስላወቁልኝ አመሰግናለሁ። ቢነኩት ኖሮ ከእምብርቴ በስተቀኝ ያለውን እብጠት ያገኙትና ነገሩ ይወሳሰብ ነበር።

2. ሕመሙ በየሃያ ደቂቃው መጥቶ አጥፎኝ እንደሚሄድ፣ እንደሚያስመልሰኝና ሰገራዬ ደም እንደቀላቀለ የሚያሳይ ግራፍ በሚሊሜትር ወረቀት ሠርቼ ለሁለተኛው ሐኪም አቀረብኩ። የእጅ ጽሑፌን አደነቁና «እንደ ቀድሞው፤ ጭንቀታም» ብለው ጻፉ። ሦስተኛውና አራተኛው ሐኪም ይህንኑ ገለበጡ። ተማሪዎቼ ሲኮራረጁ ዜሮ እሰጣቸዋለሁ፤ እነሱ ግን ቢያንስ የሚገለብጡት ከጎበዝ ነው።

3. በአምስተኛው ጊዜ ባለቤቴ «ይሄን ሰውዬ ሃያ ስምንት ዓመት ሲነጫነጭ አውቀዋለሁ፤ ይሄ ግን ንጭንጭ አይደለም!» ብላ ተረኛዋ ቀዶ ሐኪም በር ላይ ቆመች። ሐኪሟ ካርዱን ሳይከፍቱ ሆዴን ዳሰሱ፤ ሲቲ ስካንም አዘዙ። ምስሉ ላይ ቀለበት በቀለበት ውስጥ ታየ። አንጀቴ እንደ ሹራብ እጅጌ ተጠቅልሎ ወደ ራሱ ውስጥ ገብቷል። ክቦቹ አንድ ማዕከል ነበራቸው፤ እንዲህ ያለ ንጹሕ ሥዕል ከተማሪዎቼ አግኝቼ አላውቅም። ይህ ነገር በሕፃናት ላይ ሲደርስ ብዙ ጊዜ በአየር ግፊት እንደሚመለስ፣ በአዋቂ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንጀቱን የሚጎትት እብጠት ስለሚኖር ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልግ አስረዱኝ። ሠላሳ ሴንቲ ሜትር አንጀት ከነእብጠቱ ቆርጠው አወጡ። እኚህን ሐኪም ከልቤ አመሰግናለሁ፤ ልማዱ ስለሌለኝ ምስጋናው ከሻከረ ይቅርታ።

4. እብጠቱ ካንሰር መሆን አለመሆኑን የሚነግረን የላቦራቶሪ ውጤት በሁለት ሳምንት ይደርሳል ተብሎ ነበር። ይኸው ሰባተኛው ሳምንት ነው። ትናንት ልጠይቅ ስመጣ የተሰጠኝ መልስ ከላይ የጠቀስኩት ነው። ሠላሳ ሴንቲ ሜትር የጎደለው ሰው «እንደ ቀድሞው» ሊሆን እንደማይችል በሦስት መስመር ላረጋግጥልዎ እችላለሁ። ባለቤቴ ግን ማረጋገጫ አልጠየቀችም፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር ከእኔ ቀድማ ትነሣለች፣ ከዚያ ለማንሣት ትፈራለች። እኔም ግራፍ መሥራት ትቻለሁ።

ስለዚህ ውጤቱን በጽሑፍ፣ በፊርማና በማኅተም አስደግፈው እስከ የካቲት 15 ቀን ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ እንዲያሳውቁኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ሲቀነስ ሙሉ በሙሉ የእርስዎ፣
የጂኦሜትሪ መምህሩ
(በካርዳችሁ አጠራር «ጭንቀታም»)

ማሳሰቢያ፦ መልስዎ «እንደ ቀድሞው» የሚል ከሆነ ለመጻፍ አይድከሙ፤ አራት ቅጂ አለኝ።